በደብረ ማርቆስ መሃል ከተማ ትልቅ ዝግጅት፦ ስለ ቦታ መረጣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ300 ሰው በላይ የሚጠራ ሰርግ፣ ጉባኤ፣ የምርቃት ግብዣ ወይም የገቢ ማሰባሰቢያ ለሚያሰናዱ ነው። የተጻፈው ደብረ ማርቆስን ታስቦ ቢሆንም ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሆነ እንጅባራ ስሌቱ ያው ነው። ጌጥ በአንድ ሌሊት ተሰቅሎ ያድራል፤ የሌለ በር፣ የሌለ ውኃና የሌለ ጓዳ ግን በአንድ ሌሊት አይመጣም። መልሶቻችን ወደዚያ ያጋደሉት ለዚህ ነው።

አዳራሽ ከማየታችን በፊት ምን ቆርጠን እንሂድ?

የሰው ቁጥር፣ ቀን፣ እና ሰው ተቀምጦ ይብላ ወይስ ተቀምጦ ይስማ የሚለውን። ብዙ የሚያሳስተው የመጀመሪያው ነው። የጥሪ ካርድ ቁጥር የእድምተኛ ቁጥር አይደለም። «ከነቤተሰብዎ» የሚል ካርድ ሁለትም አምስትም ሰው ሊያመጣ ይችላል። የገጠር ዘመድ ደግሞ በአብዛኛው በካርድ ሳይሆን በቃል ይጠራል፤ የእድር አባላትና ጎረቤትም እንደዚያው። ስለዚህ ዝርዝሩን በአንድ ወረቀት አይደርድሩ፤ የከተማ እንግዳ፣ የገጠር ዘመድ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ እድርና ጎረቤት ብለው ይለዩትና እያንዳንዱን የሚያውቀው ሰው ለብቻው ይቁጠረው።

ቀጥሎ «በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚገኘው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የገጠሩ ዘመድ በጊዜ ገብቶ በጊዜ ይመለሳል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጠቅላላው 900 ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው 600 ከሆነ የሚፈልጉት የ600 አዳራሽ ነው። ጉባኤ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ሁሉም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በአንድ በር ይገባል።

ባለቤቱ «600 ሰው ይይዛል» ካለን ማመን እንችላለን?

በወንበር ረድፍ ወይስ በክብ ጠረጴዛ ብለው ይጠይቁት። በረድፍ ለሚቀመጥ ሰው ከ0.7 እስከ 0.8 ካሬ ሜትር ይበቃል። ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ለሚበላ ሰው፣ የአሳላፊውን መተላለፊያ ጨምሮ፣ 1.4 ካሬ ሜትር ያህል ይያዝ።

20 በ30 ሜትር የሆነ አዳራሽ 600 ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ መድረኩ፣ የቡፌው ቦታ፣ የጭፈራው ቦታና የበሩ አካባቢ 150 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ። የቀረው 450 በ0.75 ሲካፈል በትክክል 600 ሰው ይሆናል። በ1.4 ሲካፈል ግን 320 ገደማ ነው። ባለቤቱ አልዋሸም፤ የተናገረው ለስብሰባ ነው፣ እርስዎ የሚፈልጉት ደግሞ ለምሳ ነው። ሜትር ይዘው ሄደው ይለኩ። ምሰሶ ካለም ከኋላው መድረክ የማይታይባቸውን ወንበሮች ከቁጥሩ ይቀንሱ።

መሃል ከተማ መሆኑ ምን ይጠቅማል? ዳር ያለው ሰፊና ርካሽ አይደለም ወይ?

ርካሽነቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከገጠር በሚኒባስ መጥቶ መናኸሪያ የወረደ ሰው መሃል ከተማ በእግሩ ይደርሳል፤ ዳር ከሆነ ለእያንዳንዱ ባጃጅ ይታሰባል። ማታ ደግሞ ባጃጅ ሥራ ያቆማል። ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ የተረሳ ጨውና ከሰል የሚገዛበት ሱቅም ቅርብ ነው። የመሃል ከተማ ጉዳቱ የመኪና ማቆሚያ ጥበት፣ የገበያ ቀን ግርግርና የጎረቤት ቅሬታ ነው። ከ1,000 ሰው በላይ ከሆነ ወይም ሙዚቃው ሌሊት የሚዘልቅ ከሆነ ዳር ይውጡ። ከዚያ በታች ላለው መሃሉ ይሻላል እንላለን።

ቀን ስንመርጥ ምን እናያለን?

መጀመሪያ የጾም አቆጣጠር። ለሰርግ በብዛት የሚቀሩት ጊዜያት ከጥቅምት እስከ ኅዳር 14፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ እና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይቆያል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መግቢያው እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ይዋልላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ጾመ ነነዌን ነው። ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነች አትታሰብም፤ ነገር ግን ከጥር 17 ጀምሮ ልትውል ስለምትችል በሰርግ ወር መሃል ድንገት ትገባለች። የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይተው ይቁረጡ።

ረቡዕና ዓርብ ጉባኤ ካለዎት የምሳው ዝርዝር ጾም ይሁን። በዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሽሮ ብቻ አዘጋጅተው እንግዳ እንዳያሳዝኑ።

ቀጥሎ የከተማዋን በዓላት ይዩ። ጥር 10 እና 11 ታቦት የሚያልፍባቸው መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ፤ መስከረም 16 የደመራው አካባቢ እንዲሁ። ሚያዝያ 30 የቅዱስ ማርቆስ በዓል ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን መንቆረር የነበረውን የከተማዋን ስም እስከማስቀየር የደረሰ ደብር ነውና፣ በዚያ ቀን በአካባቢው የሰርግ መኪና ማሳለፍ አይታሰብም። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ስለሚከበር እዚያ አልጋ አይገኝም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሚያስመርቅበት ሳምንት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ አልጋ ፍለጋ አይውጡ፤ የተማሪ ወላጅ ቀድሞ ይዞታል።

ስለ ዝናብስ?

ከሰኔ እስከ መስከረም ደጅ ላይ የሚደረግ ነገር አይመከርም። ሚያዝያና ግንቦትም አስተማማኝ አይደሉም፤ ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሊወርድ ይችላል። የፋሲካ ማግስት ሰርግ የሚበዛው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። አዳራሹ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲመታው ማይክ አይሰማም፤ ስፒከር ቢጨምሩም ጩኸት በጩኸት ላይ ይሆናል። ለጉባኤ የሚከራዩ ከሆነ ኮርኒስ የሌለውን አዳራሽ ከሚያዝያ በኋላ አይያዙ።

በሮቹ ስንት ይሁኑ?

ብዙ ሰው በአዳራሽ ፎቅና በመብራቱ ተማርኮ የማያየው ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር እናድርገው። በብዙ አገሮች የሕንፃ ደንብ የሚሠራበት ልክ ከ50 ሰው በላይ ሁለት በር፣ ከ500 በላይ ሦስት፣ ከ1,000 በላይ አራት ነው። የበሮቹ ስፋት ድምር ደግሞ ለአንድ ሰው 5 ሚሊ ሜትር ይታሰባል፤ ለ600 ሰው 3 ሜትር ማለት ነው።

ልማዱ ግን ሌላ ነው። ዋናው ባለሁለት ተካፋች በር አንዱ ተካፋች በመቀርቀሪያ ይያዛል፣ የጎኑ በር «ያልተጠራ እንዳይገባ» ተብሎ በቁልፍ ይዘጋል፣ የኋላው በር ላይ የቢራ ሳጥን ይደረደራል። የቀረው 90 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ነው። በዚያ በኩል በሰከንድ አንድ ሰው፣ ግፋ ቢል ትንሽ በለጥ ያለ ያልፋል። 600 ሰው ለመውጣት ቢያንስ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ማንም ካልወደቀ። ጭስ ስምንት ደቂቃ አይጠብቅም።

ስለዚህ፦ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ እንደሆነ ይዩ፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው በር ላይ ቁልፉን የያዘ ሰው ዝግጅቱ እስኪያልቅ ከበሩ አይራቅ፤ ያልተጠራ ሰው የሚያስጨንቅዎት ከሆነ በሩን ከመዝጋት ሁለት ተቆጣጣሪ ያቁሙ። ደረጃ ላይ የአበባ ማስቀመጫና ምንጣፍ አይዘርጉ። ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ አንድ ደረጃ ብቻ ካለው ከ300 ሰው በላይ አያስገቡበት፤ ባለቤቱ ቢያኮርፍም ይኩርፍ። አረጋውያንና በዊልቸር የሚመጡ እንግዶች ካሉ ምድር ቤት የሆነውን ይምረጡ፤ መወጣጫ የሚሠሩ ከሆነ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል።

የቄጠማውንም ነገር አንርሳ። በሴራሚክ ላይ ርጥቡ ያንሸራትታል፣ የደረቀው ደግሞ በሲጋራና በከሰል ፍንጣሪ ይያያዛል። መተላለፊያው ላይ ሳይሆን መድረኩና ቡናው ዙሪያ በትንሹ ይጎዝጎዝ። የቡናው ምድጃም መስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ የከሰል ጭስ ሳይሸት ራስ ያዞራል፣ ይገድላልም።

ጀነሬተር ስንት ኬቪኤ እንከራይ?

«አዳራሹ ጀነሬተር አለው» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። ስንት ነው፣ ወጥ ቤቱንም ያበራል ወይስ መብራቱን ብቻ፣ ነዳጁ የማን ነው፣ አስነሺው ማታ ይኖራል? ብለው ይጠይቁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለ600 ሰው ሳውንድና መብራት 12 ኪሎ ዋት፣ ፍሪጆች 3 ኪሎ ዋት፣ ወጥ ቤቱ ላይ አራት ምጣድ ወይም ምድጃ ቢሰካ 15 ኪሎ ዋት፤ ድምሩ 30 ነው። ጀነሬተር የሚሸጠው በኬቪኤ ስለሆነ በ0.8 ያካፍሉት፦ 37.5። ሞተሩን እስከ ጫፍ ላለማስጨነቅ ከአቅሙ 80 በመቶ ብቻ ይጫንበት፦ 47 ገደማ። አሁን ብዙ አከራይ የማይነግርዎ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ዲዝል ሞተር፣ በተለይ ተርቦ የሌለው፣ ከተጻፈበት አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ስለዚህ የ60 ኬቪኤውን ይከራዩ። ባሕር ዳር ላይ ያለችግር የሠራው ማሽን እዚህ መጥቶ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት።

ምጣዶችን በሦስቱ ፌዝ ላይ እኩል ያከፋፍሉ። አንድ ምጣድ እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ሁለቱን በአንድ ኤክስቴንሽን መሰካት ገመድ ማቅለጥ ነው። ሳውንዱ ከምጣድ ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ሽማግሌው ምርቃት ሲጀምሩ ማይኩ ይጠፋል። ጀነሬተሩ ከአዳራሹ መስኮትና ከወጥ ቤቱ ርቆ፣ ጭሱ በነፋስ ወደማይመለስበት ጎን ይቁም።

ውኃና ሽንት ቤት?

መስተንግዶ፣ እጅ መታጠብ፣ ዕቃ ማጠብና ሽንት ቤት ተደምሮ ለአንድ ሰው 12 ሊትር ይያዙ፤ ለ600 ሰው 7,200 ሊትር። የቧንቧ ውኃ በተራ ስለሚመጣ አይመኩበት። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ይኑር፤ የሞላ መሆኑንም ዋዜማው ላይ በዓይንዎ ይዩ፣ አንኳኩተው አይመኑ። ሮቶው ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ውኃው ቢኖርም ፎቅ አይደርስም። ሽንት ቤት ለሴቶች በ50 ሰው አንድ፣ ለወንዶች በ100 ሰው አንድ እና መሽኛ ይጨመርበት። የሚያጸዳ ሰው ለብቻው ይቀጠር፤ አሳላፊ ይህን አይደርብም።

ወጥ ቤቱ ምን ያህል ያሳስባል?

አዳራሹ ከተመረጠ በኋላ የሚታሰብ ከሆነ በጣም። ድስትና ጋን የሚወጣበት ሰፊ በር፣ እንጨት የሚነድበት ጣሪያ ያለው ጓሮ፣ አይሱዙ ተጠግቶ የሚያራግፍበት ቦታ ያስፈልጋል። ደጋሹ ሥጋ የሚያሳርድ ከሆነ ቆሻሻ ውኃ የሚወርድበት ቦይና የቆዳና ፈርስ ማስወገጃ ይታሰብ፤ መሃል ከተማ ላይ ጎረቤት ከሙዚቃው ይልቅ በዚህ ይከሳል።

የሙስሊም እንግዶች ካሉዎት የሚያርደውም የሚያበስለውም ሰው ከእነርሱ ወገን ይሁን፤ ድስቱ፣ ቢላዋውና ጠረጴዛው የተለየ ይሁን። ይህ በጥሪው ላይ አስቀድሞ ከተነገረ እንግዳው ሳይሳቀቅ ይመጣል።

ቡፌ ላይ በአንድ ወገን በደቂቃ አራት ሰው ያህል ያነሳል። አንድ ጠረጴዛ በሁለት ወገን ቢከፈት 600 ሰው ለማስተናገድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ሁለት ጠረጴዛ በአራት ወገን ከሆነ 40 ደቂቃ አይሞላም። ሁለተኛው ጠረጴዛ ከሁለተኛ ዘፋኝ ይቅደም። ለስላሳና ቢራ ሳጥኑ 24 ስለሆነ ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል ጠርሙስ ብለው 63 ሳጥን ይያዙ፤ ያልተከፈተውን የሚመልስ አከፋፋይ ይምረጡ።

አዳራሽ ከጠበበ ሜዳ ላይ ድንኳን ብንተክልስ?

ይቻላል፤ አፈሩን ይዩ እንጂ። ብዙ የጎጃም ሜዳ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ካስማ አይዝም፤ አይሱዙም ገብቶ ይቀራል። ካስማው ቢያንስ አንድ ሜትር ይሁን፤ በዝናብ ወቅት ውኃ የተሞላ በርሜል በየማዕዘኑ ይታሰር። ጫማ እንዳይሰምጥ ጠጠር ወይም ጣውላ ይነጠፍ። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር፤ ቦዩ ደግሞ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይመራ። በባህር ዛፍ የሚሠራ ዳስ ነፋስ ከሸራ ድንኳን ይልቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከመንገድ ዳር አስፓልት ላይ አይተከልም። ማታ ስለሚበርድ ጎኖቹ የሚወርድ ሸራ ይኑራቸው።

ፈቃድ ከማን ነው?

ለሰርግና ለግል ግብዣ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱ በቂ ነው፤ ለቀበሌውና በአካባቢው ላለው ፖሊስ ማሳወቅ ግን ብልህነት ነው። መንገድ የሚዘጋ፣ አደባባይ የሚይዝ ወይም ድምፅ ማጉያ ደጅ የሚያወጣ ከሆነ ወደ ከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። የአደባባይ የፖለቲካ ስብሰባና ሰላማዊ ሰልፍ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው የሚመራው፦ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከሆስፒታል 100 ሜትር ውስጥ አይደረግም። 48 ሰዓት የሕጉ ዝቅተኛው ነው፤ በተግባር ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀምሩ። ማመልከቻው ላይ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጅዎ ይቅር።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ? ቀብድስ ይመለሳል?

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አዳራሹን ለሌላ ሰው በበለጠ ዋጋ የሰጠ ባለቤት «ብርህን ውሰድ» ብሎ የሚያሰናብትዎ ይህን ስለማያውቁ ነው። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ወይስ «ቅድመ ክፍያ» እንደተባለ ልብ ይበሉ፤ ከስሙ በላይ ውጤቱን ጭምር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጽፉ።

ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ለማስጌጥ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መግባት ይቻላል? ከዋዜማው ማታ ካልሆነ የዲኮር ሠራተኛው አይደርስም። ከውጭ ምግብ አስገቢ ይፈቀዳል? የተሰበረ ብርጭቆና ወንበር በስንት ይታሰባል? ወንበሮቹ ሲገቡ አብራችሁ ቁጠሩ።

አሁን ባለው ሁኔታ አንድ አንቀጽ ፈጽሞ አይቅር፦ መንገድ ቢዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ቢታወጅ ወይም ስብሰባ ቢከለከል ቀኑ ያለ ቅጣት ይዛወራል የሚል። እስከ ስንት ወር ድረስና በምን ዋጋ እንደሚዛወርም ይጻፍ። «በመግባባት» የሚል ቃል አይበቃም።

ሰዓት እላፊ ካለ ፕሮግራሙን እንዴት እናስተካክል?

ከማብቂያው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሰዓት እላፊው ማታ 2 ሰዓት ከሆነ እንግዳ 12 ሰዓት ላይ መውጣት አለበት፤ አሳላፊና ወጥ ቤት ሠራተኞች ደግሞ ዕቃ ሰብስበው አንድ ሰዓት ላይ። ዋናው ምግብ ከቀኑ 6 ሰዓት ይቅረብ። የራቁት እንግዶች እዚያው ከተማ የሚያድሩበት ይያዝላቸው። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል ጉባኤው በኦንላይን ተናጋሪ ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ ክፍያም በቴሌብር ብቻ አይታሰብ፣ ጥሬ ብር ይያዙ። አስተናባሪዎች ስልክ ሳይጠባበቁ ሥራቸውን እንዲያውቁ የየሰዓቱ ዝርዝር ታትሞ ይታደላቸው።

ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚመጡ እንግዶች መቼ ይደርሳሉ?

ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባው መንገድ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ይወጣል፤ ከባድ መኪና ፊት ለፊት ከገጠመ ጠመዝማዛው ላይ መቅደም ስለሌለ ሰዓቱ አይታወቅም። በዚያው ቀን ተነስተው በጠዋት እንዲደርሱ አይጠብቁ፤ ዋዜማውን ይምጡ። ሳውንድና ዲኮር ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ ሁለት ቀን ቀድሞ ይነሳ።

መኪና ማቆሚያስ?

ለአንድ የቤት መኪና ከማዞሪያው ጋር 25 ካሬ ሜትር። 40 መኪና 1,000 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ መሃል ከተማ ላይ ይህ የለም ማለት ይቻላል። በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት ግቢ ቅዳሜና እሑድ ይለመን፣ ጠባቂ ይቀጠር። የአዳራሹ በር ፊት ግን ለአምቡላንስ ባዶ ይቅር።

ዋዜማው ላይ በአዳራሹ አጠገብ ለቅሶ ቢወድቅስ?

ይህ በየትኛውም ውል ላይ አይጻፍም፤ ግን ይደርሳል። ሽማግሌ ልከው የለቅሶውን ቤትና እድሩን ያነጋግሩ። ብዙውን ጊዜ ሰርጉ ይቀጥላል፤ ደጅ ያለው ስፒከር ይገባል፣ የሙሽራ መኪና ጡሩምባ ሳያሰማ ያልፋል፣ ጭፈራው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ይሆናል። የእድሩ ወንበርና ድንኳን ተከራይተው ከሆነ ግን ለቅሶው ይቀድማል፤ ሌላ ወንበር ከየት እንደሚያመጡ ከአሁኑ ይወቁ።

አዳራሹን መቼ ሄደን እንየው?

ባዶ ሳለ አንድ ጊዜ፣ የሌላ ሰው ዝግጅት ሲካሄድበት አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ጉብኝት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ሽንት ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ቡፌው ላይ ሰልፉ የት እንደሚደርስ፣ የጎኑ በር ተከፍቶ እንደሆነ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው።